የኦስካር ጎረቤት፦ ከገንዳው ወለል ማን ይኑር?

በደቡብ አሜሪካ ወንዞች የተያዙ ኦስካር የሚባሉ ዓሦችን ሆድ ከፍተው የመረመሩ የዓሣ ባለሙያዎች ነፍሳትና ሽሪምፕ አግኝተዋል። ከእነዚህ ጋር ደግሞ የወንዙ ወለል ላይ ተጋድመው የሚውሉ ትንንሽ የአምባዛ ዘመዶች ነበሩ። እነዚህ ትንንሽ ዓሦች ቀለማቸው ከደረቅ ቅጠልና ከጭቃ ስለሚመሳሰል ብዙ አዳኝ ልብ ሳይላቸው ያልፋል። ኦስካር ግን ለይቶ ይለቅማቸዋል።

ይህን ያስቀደምኩት ያለ ምክንያት አይደለም። በቤቱ አኳሪየም ኦስካር የሚያሳድግ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ «ከታች ባዶ ሆነ፤ ምን ልጨምርለት?» ብዙ ጊዜ የሚያገኘው መልስ «ከታች የሚኖር፣ ቆሻሻ የሚለቅም ትንሽ ዓሣ ውሰድ» የሚል ነው። ትንሿ ዓሣ ተገዝታ ትገባለች። በማግስቱ የለችም። ባለቤቱ ከድንጋይ ሥርና ከፊልተሩ ጀርባ ይፈልጋታል፤ ኦስካሩ ሆዱ ተነፍቶ ጥግ ይዟል። እኔ እንደማምነው ችግሩ የሚጀምረው ከጥያቄው ነው። ከታች የሚኖር ዓሣ ሲመረጥ ምን እንደሚያጸዳ ከመጠየቅ በፊት በኦስካሩ አፍ ይገባ እንደሆነ፣ ለራሱስ የሚበቃ ቦታ፣ ምግብና መሸሸጊያ ያገኝ እንደሆነ መጠየቅ ይገባል።

ስለዚህ መጀመሪያ ባለ አፉን እንወቀው። ኦስካር ሲክሊድ ከሚባለው ሰፊ ቤተሰብ ነው። ከጣና፣ ከዝዋይና ከጫሞ ተጠምዶ ገበታችን ላይ የሚቀርበው ቆሮሶም የዚሁ ቤተሰብ አባል ነው። የኦስካር አገሩ የአማዞን ተፋሰስ ሲሆን በፔሩ፣ በኢኳዶር፣ በኮሎምቢያና በብራዚል ውሃዎች ይገኛል። ለሳይንሱ ዓለም ያስተዋወቀው በትውልድ ስዊዘርላንዳዊው ሉዊ አጋሲ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1831 ስም ሲያወጣለት ግን የባሕር ዓሣ መስሎት ነበር።

ሱቅ ውስጥ ሲገዛ ብዙውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር ነው። ዐይኑ ትልልቅ፣ እንቅስቃሴው ዝግ ያለ፣ የሚያሳዝን ዓይነት ግልገል ነው። በደንብ ከተመገበ ግን በመጀመሪያዎቹ ወራት በየወሩ ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትር ይጨምራል፤ በአንድ ዓመት ገደማ 25 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል፤ ሲጠና 30 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ዕድሜውም ከ10 ዓመት በላይ ነው። ዛሬ ከግልገሉ ጋር ተመጣጣኝ የሚመስለው ጎረቤት ከስድስት ወር በኋላ ጉርሻ ይሆናል። ስለዚህ ምርጫው መለካት ያለበት ከዛሬው ኦስካር ጋር ሳይሆን ከሚያድገው ኦስካር ጋር ነው።

አበላሉን በቅርብ ያየ ሰው ነገሩ ቶሎ ይገባዋል። ኦስካር ታዳኙን እያሳደደ አይነክስም። ቀስ ብሎ ይጠጋል፣ ለአፍታ ይቆማል፣ ከዚያ አፉን በድንገት ወደ ፊት አስረዝሞ ይከፍታል። በዚያች ቅጽበት የአፉ ውስጠኛ ክፍል ስለሚሰፋ ውሃው ወደ ውስጥ ይሳባል፤ ከፊቱ ያለውም ነገር ከውሃው ጋር ይገባል። ዐይን ተከድኖ እስኪገለጥ ድረስ ነገሩ አልቋል። ወደ ውስጥ የገባውን ደግሞ ሁለተኛ መንጋጋ ይጠብቀዋል፤ ሲክሊዶች ከፊተኛው መንጋጋ ሌላ ጉሮሯቸው ውስጥ ጥርስ ያለው መፍጫ አላቸው። አንዳንዴም ኦስካር በጎኑ ተጋድሞ የሞተ በመምሰል ትንንሽ ዓሦች እስኪጠጉት ይጠብቃል። የዚህ ዓሣ ጎረቤት ለመሆን የመጀመሪያው መስፈርት ታዲያ ግልጽ ነው፤ ሰውነቱ ከዚያ አፍ የወፈረ መሆን አለበት። ርዝመት ብቻውን አይበቃም፤ ቀጭን ዓሣ ረጅም ቢሆንም ይዋጣል።

በሱቆች በብዛት የሚገኘው የወለል ዓሣ ኮሪዶራስ ነው። ከ5 እስከ 7 ሴንቲ ሜትር የሚደርስ፣ በመንጋ የሚኖር፣ በአጫጭር ጢሞቹ አሸዋውን እየዳሰሰ ምግቡን የሚፈልግ የዋህ የአምባዛ ዘመድ ነው። ሰላማዊ ዓሦች ባሉበት ገንዳ እንደ እሱ የሚያስደስት ጥቂት ነው። ከኦስካር ጋር ግን ፈጽሞ አይሆንም፤ ምክንያቱም ጉዳቱ በመበላቱ አያበቃም። የኮሪዶራስ የጀርባ ክንፍና የሁለቱ የደረት ክንፎች የፊት ጠርዝ ጠንካራ እሾህ ነው። አደጋ ሲሰማው እሾሆቹን ያቆምና ከሥራቸው ባለው የአጥንት መገጣጠሚያ ላይ ይቆልፋቸዋል። ከተቆለፉ በኋላ በኃይል ተገፍተው አይታጠፉም። ኦስካር ሲውጠው እሾሆቹ በሦስት አቅጣጫ ጉሮሮው ላይ ይሰካሉ፤ ወደ ውስጥ አይገባ፣ ወደ ውጭ አይወጣ። ሁለቱ ዓሦች እንዲህ ተያይዘው የሚሞቱበት አጋጣሚ በዓሣ አሳዳጊዎች ዘንድ የታወቀ ነው።

እሾሁ ምን ያህል እንደሚይዝ በሰው ጉሮሮም ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2016 በኔዘርላንድስ አንድ የ28 ዓመት ወጣት ከጓደኞቹ ጋር ሲጠጣ ከቤት አኳሪየም የወጣ ኮሪዶራስ በሕይወት እንዳለ ዋጠ። ዓሣው የሚያደርገውን አደረገ፤ እሾሆቹን አቁሞ ቆለፈ። ወጣቱ ዓሣውን ማውረድም መትፋትም ሳይችል ቀርቶ ሮተርዳም ወደሚገኝ ሆስፒታል ሄደ። ሐኪሞች በመሣሪያ ከጉሮሮው አወጡለት፤ የጽኑ ሕሙማን ክትትል አስፈልጎት ነበር፤ በሕይወት ተርፏል። ሐኪሞቹ ጉዳዩን በሕክምና መጽሔት አሳተሙት፤ ዓሣው ደግሞ ዛሬ የሮተርዳም የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም ንብረት ነው። ሰው ሐኪም ቤት አለው። አኳሪየም ውስጥ ያለ ኦስካር ግን ባለቤቱ ጠዋት ተነስቶ እስኪያየው ድረስ እየታፈነ ያድራል። ፒክተስ የሚባለው ነጠብጣብ ያለበት ብርማ አምባዛም እንዲሁ ቀጭን ሰውነት ላይ ረጃጅም እሾህ የያዘ ስለሆነ ከዚሁ ዝርዝር ይመደባል።

አሁን ወደ ጽዳቱ ጉዳይ እንምጣ፤ ብዙ ሰው የወለል ዓሣ የሚገዛው ለዚሁ ነውና። ኦስካር ብዙ ይበላል፣ ብዙም ያስወጣል። ሲያላምጥ ከምግቡ ከፊሉ ደቅቆ በስንጥቡ በኩል ይበተናል። ውሃው ቶሎ የሚደፈርሰው ለዚህ ነው። ከዓሣው ስንጥብ የሚወጣውና ከሚበሰብሰው ትርፍራፊ የሚፈጠረው አሞኒያ መርዝ ነው። ፊልተሩ ውስጥ የሚኖሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትራይትም መርዝ ነው፤ ናይትሬት ይሻላል፣ ሆኖም እየተጠራቀመ ስለሚሄድ በአብዛኛው የሚወገደው ውሃ በመቀየር ብቻ ነው። የወለሉ ዓሣ በዚህ ሰንሰለት ውስጥ ያለበት ቦታ ከመጀመሪያው ነው፤ እሱም ይተነፍሳል፣ እሱም ይበላል፣ እሱም አሞኒያ ያወጣል። የወደቀ ፍርፋሪ ቢለቅም እንኳ ፍርፋሪው ከገንዳው አልወጣም፤ በሆዱ አልፎ ተመልሶ ውሃው ውስጥ ነው ያለው። የኦስካርን ኩስ በልቶ የሚያጸዳ ዓሣ ደግሞ የለም።

ፕሌኮ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ነው። ይህ ከደቡብ አሜሪካ የመጣ ዓሣ ሰውነቱ በአጥንት ሰሌዳ የተሸፈነ፣ አፉ ወደ ታች የዞረና መስታወት ላይ የሚጣበቅ ነው። አልጌ ይፍቃል ተብሎ ይሸጣል፤ ሲሸጥ ከ5 እስከ 8 ሴንቲ ሜትር ነው። የተለመደው ፕሌኮ ግን ሲያድግ ከ30 ሴንቲ ሜትር በላይ ይደርሳል፤ 40 የሚያልፍም አለ። ቀኑን ሙሉ ሲፍቅ ይውላል፤ የሚፍቀውን ያህልም ረጃጅም ክር የመሰለ ኩስ ወለሉ ላይ ይተዋል። አንድ ትልቅ ፕሌኮ የጨመረ ሰው ውሃ የመቀየር ሥራው ቢጨምር እንጂ አይቀንስለትም። ይህን ስል ፕሌኮን እየነቀፍኩ አይደለም፤ ለኦስካር ከሚመረጡ ጎረቤቶች አንዱ መሆኑን ከታች እጽፋለሁ። ነገር ግን ለአገልጋይነት የተገዛ ዓሣ ምግብ አይሰጠውም፤ «የተረፈውን ይለቅማል» እየተባለ በረሃብ ይሞታል። አልጌውን ጨርሶ ሆዱ የተጣበቀ፣ ዐይኑ የጎደጎደ ፕሌኮ በብዙ ገንዳ ውስጥ ይታያል።

የተራበ ፕሌኮ ሌላም ችግር ያመጣል። ሌሊት ኦስካሩ ዕረፍት ላይ ሳለ ጎኑ ላይ ተጣብቆ ሰውነቱን የሚሸፍነውን ዝልግልግ መፋቅ ይጀምራል። ይህ ዝልግልግ ዓሣውን ከበሽታ የሚከላከል ሽፋን ነው፤ ሲነሳ ቆዳው ይቆስላል። ጠባዩ በአኳሪየም ብቻ የሚታይ አይደለም። በአሜሪካ ፍሎሪዳ ግዛት፣ ከአኳሪየም ንግድ አምልጠው የተባዙ ፕሌኮዎች ማናቲ በሚባሉት ግዙፍ የውሃ አጥቢ እንስሳት ጀርባ ላይ እየተለጠፉ ሲፍቁ ተመራማሪዎች መዝግበዋል። መድኃኒቱ ቀላል ነው፤ መብራት ከጠፋ በኋላ ለፕሌኮው ብቻ የሚሆን ዝኩኒ፣ ዱባ ወይም ዱባ መሰል አትክልት፣ በተጨማሪም ወደ ታች የሚሰምጥ ደረቅ የዓሣ ምግብ መስጠት።

የኦስካር ጠበኝነትስ? ኦስካር ከሲክሊዶች ሁሉ የከፋ አይደለም፤ ከእሱ የባሱ አሉ። ነገር ግን ግዛት ይይዛል፣ ያስጠብቃልም። ወንድና ሴቱ ሲጣመሩ ጠፍጣፋ ድንጋይ አጽድተው ከአንድ ሺህ በላይ ዕንቁላል ይጥላሉ፤ ሁለቱም በተራ እየተጋገዙ ይጠብቁታል። በዚያ ወቅት ወደ ድንጋዩ የቀረበ ሁሉ ጠላት ነው። የወለል ዓሦች ደግሞ ሌሊት ዕንቁላል ፍለጋ መውጣታቸው ስለማይቀር የኦስካሮቹ ጥርጣሬ መሠረት አለው። ጥንድ ኦስካር ያለው ሰው ዕንቁላሉን ማሳደግ ከፈለገ የወለል ዓሣ ባይጨምር ይሻላል።

ከዕንቁላል ውጭ ባለው ጊዜ ሰላምን የሚወስነው ቦታ ነው። በአሜሪካ ተመራማሪው ሮናልድ ኦልድፊልድ እ.ኤ.አ. በ2011 ያሳተመው ጥናት ማይዳስ በተባለው ሌላ ጠበኛ ሲክሊድ ላይ ይህንኑ ፈትሿል። ገንዳውን በጥቂቱ ማስፋት ጠቡን አልቀነሰውም። ጠቡ የቀነሰው ገንዳው ብዙ ሰው ቤቱ ከሚያስቀምጠው እጅግ ሲሰፋና መደበቂያው ሲበዛ ነው። ከዚህ ጥናት የምወስደው ትምህርት አለ፦ በ200 ሊትር ገንዳ ውስጥ «ጠባዩ ክፉ ነው» የተባለ ኦስካር ጠባዩ ሳይሆን ቤቱ ነው ክፉ። አንድ ኦስካር ብቻውን 300 ሊትር ገደማ ያስፈልገዋል። ትልቅ የወለል ዓሣ ሲጨመርበት ከ450 ሊትር በታች እንዲሆን አልመክርም፤ ከቁመቱ ይልቅ የወለሉ ስፋት ዋጋ አለው፣ ጎረቤቱ የሚኖረው እዚያ ነውና።

በአፉ የማይገቡ የአምባዛ ዘመዶች ለኦስካር ጎረቤትነት የሚመቹበት አንድ የተፈጥሮ ምክንያት አለ። ኦስካር የቀን ዓሣ ነው፤ የሚያየው በዐይኑ ነው፣ ሲመሽ ያርፋል። አብዛኞቹ አምባዛዎች ደግሞ በጢማቸው እየዳሰሱና እያሸተቱ ሌሊት ይመገባሉ። ቅርጻቸውም ከሲክሊድ ስለሚለይ ኦስካሩ እንደ ግዛት ተቀናቃኝ የሚያያቸው ከስንት አንዴ ነው። በአንድ ቤት በፈረቃ መኖር ይቻላቸዋል፤ ለዚህ ግን የቀኑ መሸሸጊያ መኖር አለበት።

ከሁሉም የማስቀድመው ባለመስመሩን ራፋኤል ነው። የአማዞን ተወላጅ ነው፤ ኦስካር የለመደውን ለብ ያለ ውሃ እሱም ይወደዋል። 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይደርሳል። ጥቁር ሰውነቱ ላይ ከጭንቅላት እስከ ጅራት የሚሄድ ነጭ መስመር አለው፤ በጎኑ ደግሞ ወደ ኋላ የተቆለመሙ እሾሃማ ሰሌዳዎች ተደርድረዋል። በመረብ ለማውጣት የሞከረ ሰው ያውቀዋል፤ መረቡ ተቆርጦ ነው የሚለቀቀው። ስለዚህ በመረብ ሳይሆን በፕላስቲክ ዕቃ መያዝ አለበት። የዚህ ዓሣ ግልገሎች በብራዚል ወንዝ ውስጥ ሆፕሊያስ የተባለውን ዓሣ በል አዳኝ ሰውነት ሲያጸዱ ታይተዋል፤ አዳኙም አልነካቸውም። ተመራማሪዎቹ መስመሩና እሾሁ «እኔን አትብላ» የሚል ምልክት ሳይሆኑ እንዳልቀሩ ገምተዋል። ኦስካር ግን ይህን ምልክት ያከብራል ተብሎ መታመን የለበትም፤ ራፋኤሉም ቢሆን ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ሆኖ ቢገባ ነው የሚሻለው። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ቀን አይታይም። አንዳንድ ባለቤት ለሳምንታት ሳያየው «ሞቷል» ብሎ ተስፋ ከቆረጠ በኋላ ውሃ ሲቀይር ከግንዱ ሥር ወፍሮ ያገኘዋል። ዓሣ ገዝቼ ካላየሁት ምን ይጠቅመኛል ለሚል ሰው ይህ ምርጫ አይሆንም። ለዓሣው ደኅንነት ለሚያስብ ግን ከዚህ የተሻለ አላውቅም።

ቀጥሎ ፕሌኮ። 15 ሴንቲ ሜትር የደረሰ ፕሌኮ ኦስካር ሊውጠው አይችልም፤ ሰሌዳው ንክሻ ይመክታል፣ ክንፎቹን ሲዘረጋ አፍ ውስጥ አይገባም። ሰፊ ገንዳ ላለው ሰው የተለመደውም ሆነ የጀርባ ክንፉ እንደ ሸራ የሚዘረጋው ዓይነት ይሆናል። አፍንጫው ላይ ጢም የመሰለ ሥጋ የሚያበቅለው ትንሹ ዓይነት፣ ብሪስልኖዝ የሚሉት፣ ከ12 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር ላይ ስለሚቆም ለቦታ ይመቻል። ሆኖም ለትልቅ ኦስካር ድንበሩ ላይ ያለ መጠን ነው። ብዙዎች አብረው አኑረውት ለዓመታት ሰላም ሆኗል፤ ሌሎች ደግሞ አንድ ጠዋት አጥተውታል። እኔ አልደፍረውም።

ከአፍሪካ ወገን ሲኖዶንቲስ አለ። ይህ ጠንካራ ጭንቅላትና የሚቆለፍ እሾህ ያለው ዓሣ ሲያዝ ድምፅ ያሰማል፤ የደረት ክንፉን እሾህ ከመገጣጠሚያው ጋር እያፋጨ ነው የሚጮኸው። ከዘመዶቹ አንዳንዶቹ ተገልብጠው በጀርባቸው የሚዋኙ ሲሆን፣ በጥንታዊ ግብፅ መቃብሮች ግድግዳ ላይ እንደተገለበጡ ተቀርጸው ይገኛሉ። እኛም አገር በጫሞ ሐይቅ ውስጥ ሲኖዶንቲስ አለ። ለአኳሪየም የሚሸጠው በአብዛኛው የጀርባ ክንፉ ረጃጅም ላባ የሚመስለው ዓይነት ነው፤ ወደ 20 ሴንቲ ሜትር ስለሚደርስና ለምግቡ ስለሚሟገት ከኦስካር ጋር አይቸገርም። እንዲያውም አንዳንዴ ደካማ ኦስካርን የሚያስቸግረው እሱ ነው።

ሌላው ምርጫ ከአምባዛ ወገን አይደለም። ፖሊፕቴረስ ይባላል፤ አንዱ ዓይነት በጋምቤላ በሚያልፈው ባሮ ወንዝ ውስጥም ይኖራል። እባብ መሰል ሰውነት፣ በጀርባው ላይ የተደረደሩ ትንንሽ ክንፎች፣ ከውሃው በላይ ብቅ ብሎ አየር የሚስብበት ሳንባ አለው። ቅርፊቱ አራት ድርብርብ ንጣፎች ያሉት ሲሆን፣ በአሜሪካ የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ያንን ንብርብር ያጠኑት ለሰው የሚሆን የመከላከያ ልብስ ሐሳብ እናገኝበታለን ብለው ነው። 25 ሴንቲ ሜትር ያለፈ ፖሊፕቴረስ ለኦስካር የተረጋጋ ጎረቤት ነው። ድክመቱ ዐይኑ ነው፤ ምግቡን በማሽተት ስለሚፈልግ ኦስካሩ ሁሉንም ጠራርጎ ከበላ በኋላ ይደርሳል። ቀጭን ሰውነት ስላለውም ግልገሉን ከትልቅ ኦስካር ጋር መክተት መመገብ ማለት ነው።

በተቃራኒው ጫፍ የቀይ ጅራት አምባዛ አለ። በሱቅ ውስጥ ከሁሉም የሚያምረው ግልገል እሱ ነው፤ ጥቁርና ነጭ ሰውነት፣ ብርቱካናማ ጅራት። ሲያድግ ግን ከአንድ ሜትር በላይ ይሆናል፤ ያኔ የሚዋጠው ኦስካሩ ነው። በተራ ሰው ቤት የሚያድግ ዓሣ አይደለም፤ ባይሸጥ እመርጣለሁ።

የመብራት መቋረጥ ባለበት ከተማ የሚኖር ሰው አንድ ተጨማሪ ነገር ሊያስብ ይገባል። መብራት ሲጠፋ ፊልተሩ ይቆማል፤ ውሃው መንቀሳቀስ ሲያቆም ኦክስጅኑ ይቀንሳል። ኦስካር በአማዞን ረግረግ ሌሊት ሌሊት ኦክስጅን እጅግ የሚያንስበትን ውሃ የለመደ ስለሆነ ለሰዓታት ይታገሣል። ፕሌኮ ወደ ላይ ወጥቶ አየር እየዋጠ በሆዱ ይተነፍሳል። ፖሊፕቴረስ ሳንባ አለው። ሲኖዶንቲስ ግን የሚተማመነው በውሃው ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ኦስካሩን አይቶ «ደኅና ናቸው» ማለት አይቻልም፤ ከታች ያለው ቀድሞ ሊታፈን ይችላል። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ መኖሩ ብዙ ዓሣ ያድናል። ፊልተሩ ለረጅም ሰዓት ከቆመ ደግሞ ባክቴሪያዎቹም ስለሚጎዱ፣ መብራት ሲመለስ ለአንድ ሁለት ቀን ምግብ መቀነስና አሞኒያውን መለካት ይገባል።

አገባቡም ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ቀድሞ የገባ ዓሣ ግዛቱን የራሱ አድርጎ ስለሚይዝ ከኋላ በመጣው ላይ የበላይ ይሆናል። ከተቻለ የወለሉ ዓሣ ይቅደም፤ ኦስካሩ ከቀደመ ግን አዲሱ በሚገባበት ቀን ግንዱንና ድንጋዩን ከቦታቸው ማዛወር ይረዳል፤ ኦስካሩ ድንበሩን እንደገና ሲያበጅ ሌላው ፋታ ያገኛል። ኦስካር በዚህ ተናዶ ጥግ ይዞ ቢጋደም አያስደንግጥ፤ ለውጥ ሲያይ የሚያደርገው ነው። አዲሱ መብራት ከጠፋ በኋላ ይግባ። መሸሸጊያው ኦስካሩ የማይገባበት ጠባብ፣ ሁለት መውጫ ያለው ቢሆን ጥሩ ነው፤ ከቧንቧ ሱቅ የሚገዛ ወፍራም የፕላስቲክ ቱቦ ከሚያብረቀርቅ ጌጥ ይበልጣል። ድንጋዩ ጠጠሩ ላይ ሳይሆን በቀጥታ የገንዳው ወለል ላይ ይቀመጥ፤ ኦስካር ጠጠር እየቆፈረ ስለሚያዛውር ከላይ የተደረደረ ድንጋይ ተንዶ ከሥሩ የተኛውን ሊጨፈልቅ ይችላል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በየምሽቱ በእጅ ባትሪ ዝቅ ብሎ ማየት ያስፈልጋል። የወለሉ ዓሣ ክንፉ ከተበጫጨቀ፣ ዐይኑ አካባቢ ጭረት ካለ፣ ሆዱ ወደ ውስጥ ከገባ፣ ወይም ቀን ብርሃን ላይ ከመደበቂያው ወጥቶ ከውሃው ገጽ አጠገብ ከተንጠለጠለ ኑሮው አልሆነለትም ማለት ነው። ያን ጊዜ መለየት እንጂ «ይለምዱ ይሆናል» እያሉ መጠበቅ ጭካኔ ነው። አብሮት የሚሆን የወለል ዓሣ የማይገኝለት ኦስካርም አለ፤ ብቻውን ቢኖር ምንም አይጎድልበትም። ባለቤቱን ይለያል፣ እጅ ያያል፣ ምግብ ይጠይቃል።

የመጨረሻው ጉዳይ ከገንዳው ውጭ ያለው ነው። ፕሌኮው 40 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ኦስካሩ መዞር ሲያቅተው ብዙ ሰው በርኅራኄ ወደ አቅራቢያው ውሃ ይለቃቸዋል። በሜክሲኮ የኢንፊየርኒዮ ግድብ በቆሮሶ ዓሣ ማስገር የታወቀ ነበር፤ ከአኳሪየም ንግድ የመጡት ፕሌኮዎች ከተባዙበት በኋላ የዓሣ አጥማጆቹ መረብ በእሾሃም ፕሌኮ እየተሞላና እየተቀደደ ኑሯቸው ተናግቷል። በፍሎሪዳ ኦስካሩም ፕሌኮውም ዛሬ በቦዮች ውስጥ ይባዛሉ፤ ፕሌኮዎቹ ለዕንቁላላቸው የሚቆፍሩት ጉድጓድ የውሃውን ዳርቻ ይሸረሽራል። ከዚያው ከአማዞን ምድር በአበባው ውበት ምክንያት ዓለምን የዞረው እምቦጭ ጣና ላይ ምን እንዳደረሰ እኛ እናውቃለን። ጣና ሌላ የትም የማይገኙ የዓሣ ዝርያዎች ያሉበት ሐይቅ ነው፤ በቆሮሶና በአምባዛ የሚተዳደር ብዙ ቤተሰብም በሐይቆቻችን ዳር አለ። ስለዚህ ኦስካርዎ ወይም ፕሌኮዎ ከገንዳው ቢበልጥብዎ ወደ ገዙበት ሱቅ ይመልሱት፣ ሰፋ ያለ ገንዳ ላለው ሰው ይስጡት፤ ወደ ወንዝ፣ ወደ ሐይቅ ወይም ወደ ግድብ ግን አንድም ቀን አይልቀቁት።